ሦስት ጊዜ ሳትጠይቁ አትተዉ

ከበላይ የመጣው መግለጫ አሥራ አራት ገጽ ነበር። ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት፤ በአሥራ አራቱም ገጽ ውስጥ አንድ ሰው የለም። ተራራ አለ፣ ወንዝ አለ፣ በየዓመቱ የሚመረተው ቡና በኩንታል አለ፣ የጭቁኑ ሕዝብ ትግል በየገጹ አለ። ሰው ግን የለም። የአገራችንን ስፋት በካሬ ኪሎ ሜትር ሸምድዶ የመጣ እንግዳ መርካቶ መሀል ሽንቱ ቢመጣበት ምን ይበጀዋል?

«ወደ እንግሊዝኛ መልሺው» አለኝ ጓድ በሪሁን። «በሳምንት ይድረስ። ከምሥራቅ ጀርመን ሁለት ተለማማጆች ይመጣሉ። ለሦስት ወር እኛው ዘንድ ናቸው።»

ጓድ በሪሁን የማኅበራችን ሊቀ መንበር ነው። ማኅበራችን ማለት ከሸማ ተራ ጀርባ፣ ቆርቆሮው በሚያፈስ አዳራሽ ውስጥ የተቋቋመ የሸማኔዎች ኅብረት ሥራ ነው፤ አርባ ሸማኔ፣ አንድ ታይፕራይተር፣ አንዲት ታይፒስት። ታይፒስቷ እኔ ነኝ፣ ጠሂራ ጠይብ። ዘመኑ 1973 ነው፤ እኔም ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር።

መግለጫውን ይዤ ልወጣ ስል ጓድ በሪሁን እንደ ቀላል ነገር አከለበት። «በመጨረሻው ሳምንት መምህርታቸው ትመጣለች አሉ። ከማኅበሩ አንድ ሰው መርጣ ለአንድ ዓመት ወደ አገሯ ትወስዳለች። ቀለም ነከራ ለማስተማር።»

እግሬ በሩ ላይ ቀረ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። አባቴ ጋሼ ጠይብ ከወሎ መጥቶ ሸማ ተራ ጋቢና ነጠላ ሲሸጥ ሃያ ዓመት አልፎታል። ልጅነቴ ያለፈው እዚያች ሱቅ ውስጥ፣ የደንበኛ ሮሮ በመስማት ነው፤ ሮሮውም ሁልጊዜ አንድ ነው። ነጠላው አንዴ ይታጠባል፣ ቀዩ ጥለት ይለቃል፣ ነጩ ሁሉ ሮዝ ይሆናል፣ ሴትየዋ ነጠላዋን ይዛ ትመጣለች፣ አባቴ አላህን ምስክር እየጠራ ይምላል። ጥለት መሣል እወዳለሁ። ያለቀ ካርቦን ወረቀት ጀርባ ላይ እስላለሁ፣ መሳቢያዬ ውስጥ እቆልፍበታለሁ። ማትሪክ በአንድ ነጥብ ከወደቅኩ ወዲህ ትምህርት የሚባለው በር የተዘጋብኝ መስሎኝ ነበር። እንግዲህ የማይለቅ ቀለም የሚያስተምር አገር አለ፣ አንድ ቦታም አለ። ፈለግሁት። በሕይወቴ እንዲያ አድርጌ የፈለግሁት ነገር የለም።

ታዲያ «እኔ ልሂድ» ብዬ ለጓድ በሪሁን ልነግረው? ይህችማ አሳዳጊ የበደላት ትሆናለች። በእኛ ዘንድ ሰው ራሱን አያቀርብም፤ ሌላ ሰው ያየዋል፣ ይጠራዋል፣ እሱ እምቢ ይላል፣ ይለመናል። እኔ ማድረግ የምችለው እንድታይ ሆኖ መሥራት ብቻ ነው። ስለዚህ መግለጫውን እንደ ሰው ልጽፈው ወሰንኩ።

አሥራ አራቱን ገጽ ተርጉሜ ሳበቃ ሁለት ገጽ ከራሴ ጨመርኩ። ሸክም የያዘ ሰው ከኋላችሁ ሲጮኽ ዞራችሁ አትዩት፤ መጀመሪያ ወደ ዳር ውጡ፣ ከዚያ እዩት። ሁለት ሰዓት ላይ ኑ ከተባላችሁ ጠዋት ነው፤ ሰዓታችን ከፀሐይ ጋር ነው የሚነሣ። በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በኩል ስታልፉ ካሜራችሁን ቦርሳ ውስጥ ክተቱት፤ ድልድይና ወታደር ፎቶ አይነሡም። በርበሬ በረንዳ ስትገቡ አፍንጫችሁን በመሐረብ ያዙ፤ የሚስቅባችሁ ቢኖር እሱም የመጀመሪያ ቀን አስነጥሷል። የሸማ ተራ ነጋዴ ዋጋ ሲነግራችሁ ግማሹን ጥሩ፤ አይቆጣም፤ ካልተከራከራችሁት ነው የሚያዝንባችሁ።

ስለ ምግብ ስደርስ እናቴን አማከርኩ። እናቴ እትዬ ሀጅራ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሰውን ማንበብ ግን ማንም አይቀድማትም። ሽንኩርት እየላጠች ሰማችኝና አስቀድማ ጠየቀችኝ።

«ሥጋ የማንን ነው የሚበሉት? የእስላም ወይስ የክርስቲያን?»

«ሃይማኖት የላቸውም እኮ እማዬ። ኮሚኒስት ናቸው።»

«ይሁና። ኮሚኒስትስ የማንን ነው የሚበላው?»

«የቀረበላችሁን ብሉ፤ ከአንዱ ቤት የተረፈ ሥጋ ይዛችሁ ግን ሌላው ቤት አትሂዱ» ብዬ ጻፍኩ።

«ደግሞ ጻፊ» አለች እናቴ። «ብሉ ሲባሉ ዘለው እንዳይበሉ። መጀመሪያ እምቢ ይበሉ። ሁለተኛም እምቢ ይበሉ፤ ግን ለስለስ አድርገው። በሦስተኛው ‹በሞቴ› ሲባሉ ይብሉ።»

ጻፍኩ።

«እነሱም ሰው ሲጋብዙ እንደዚያው ነው። የኛ ሰው እምቢ ሲላቸው አምነው ዝም እንዳይሉ። አንዴ ጠይቀው ቢተዉት ሆዱ ባዶውን ይቀራል። ሦስት ጊዜ ሳይጠይቁ አይተዉ በያቸው።»

ይኸንንም ጻፍኩ። «ሦስት ጊዜ ሳትጠይቁ አትተዉ።» ለእኔ ያን ያህል ዋና ነገር አልመሰለኝም፤ ከበርበሬውና ከሸክሙ ጋር አንድ ረድፍ አስገብቼ አለፍኩት።

ጓድ በሪሁን ወረቀቱን ተቀብሎ ገጹን ቆጠረ። «አሥራ ስድስት? አሥራ አራት አልነበረም እንዴ?»

«እንግሊዝኛ ሲሆን ይረዝማል ጓድ» አልኩት። ማኅተሙን አነሣና ጠቅ አደረገበት።

ተለማማጆቹ መጡ። ሬናተ የምትባለው አጭርና ዝምተኛ ናት፤ መግለጫውን አንዴ አገላብጣ አስቀመጠችውና ጋሼ ጣሰው ተቀምጠው የሚሸምኑበት ጉድጓድ አጠገብ ሄዳ ተቀመጠች። ጋሼ ጣሰው ከሸማኔዎቹ ሁሉ እጀ ወርቅ የሚባሉት ናቸው። ሁለቱ በቃል አይግባቡም፤ በእጅ ግን ይግባባሉ፤ በወሩ መወርወሪያው ከእጇ መውደቅ አቆመ። ዩርገን ግን ሌላ ነው። ቁመቱ የበሩን መቃን የሚነካ፣ መነጽር ያጠለቀ፣ የተጻፈለትን ሁሉ የሚያምን ልጅ ነው። ሁለቱን ገጽ ከአሥራ አራቱ ገንጥሎ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተታት፤ ከዚያ በኋላ ያለ እሷ ወደ መርካቶ ወጥቶ አያውቅም። ጭነት ተሸካሚዎቹ ስሙን መጥራት ስላቃታቸው «ይርጋ» አሉት። ከኋላው ሲጮኹ እሱ አስቀድሞ ከግድግዳ ጋር ይጣበቅና ከዚያ ዞሮ ያያል። «ይርጋ ሥርዓት ያውቃል» ይሉ ነበር፤ ከሥራ ጓደኞቻቸው ይልቅ እሱን ያከብሩ ጀመር።

በመጀመሪያው እሑድ ቤታችን ምሳ ጠራናቸው። እናቴ ወጡን አቅርባ «ብሉ እንጂ» አለች። ሬናተ እጇን ልትሰድ ስትል ዩርገን ጎሸም አደረጋትና «አመሰግናለሁ፣ አንፈልግም» አለ፤ አውራ ጣቱንም አጠፈ። «ኧረ ብሉ ልጆቼ» አለች እናቴ። «በእውነት ጠግበናል» አለ፣ ድምፁን ለስለስ አድርጎ፤ ሌባ ጣቱን አጠፈ። ይኼን ጊዜ ደጅ ሰው ተጣራና እናቴ ብድግ ብላ ወጣች። ጎረቤቷ ናት፤ ጨዋታው ረዘመ። ዩርገን ሁለት ጣቱን እንዳጠፈ፣ ዓይኑን ከወጡ ላይ ሳያነሣ ቁጭ አለ። እንፋሎቱ ቆመ። በመጨረሻ ወደ እኔ ጠጋ አለና በእንግሊዝኛ ሹክ አለኝ።

«ሦስተኛው መቼ ነው?»

አባቴ ነገሩን ስተረጉምለት ሳቁ ከጋቢው ውስጥ አላወጣው አለ። እናቴ ስትመለስ ግን አልሳቀችም፤ ደነገጠች። «እንግዳ በሁለተኛው ላይ ጥዬ ሄድኩ? በሞቴ ብላ ልጄ፣ በሞቴ» እያለች በገዛ እጇ አጎረሰችው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዩርገን ልጇ ሆነ።

አንድ ስሕተት ግን ሠራሁ፤ የእኔው ጥፋት ነው። ግማሹን ጥሩ ብዬ ስጽፍ የት የት እንደሆነ አልለየሁም። ዩርገን ሳሙና ሊገዛ ቀበሌ ሱቅ ሄደ፣ ተሰለፈ፣ ተራው ደረሰና ግማሹን ጠራ። ሻጯ እትዬ አልጋነሽ ሚዛኗን አስቀምጣ አየችው። «ይሄ ሸማ ተራ መሰለህ የኔ ልጅ? ዋጋውን ያወጣው መንግሥት ነው። ከመንግሥት ጋር ልትከራከር ነው?» አለችው። አንዱ ተሰላፊ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ተረጎመለት። ዩርገን ወረቀቱን አውጥቶ «ተጽፏል» ብሎ አሳያት። ሰልፈኛው ሁሉ ሳቁን ወደ ውስጥ ዋጠው፤ በዚያን ዘመን በመንግሥት ዋጋ ላይ ጮክ ብሎ የሚስቅ የለም። እሱ ግን አልተቀየመኝም። ቢሮዬ መጥቶ ሁለተኛውን ገጽ ታይፕራይተሩ ላይ አስገባና «እባክሽ አርሚልኝ» አለኝ። «ከቀበሌ ሱቅ በስተቀር» ብዬ ጨመርኩለት።

እንዲህ እንዲህ እያልን ሦስቱ ወር ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው መምህርታቸው ወይዘሮ ክራውዘ መጡ። ሃምሳ ዓመት ይሆናቸዋል፤ ጸጉራቸው አጭር ነው፤ ሰው ሲናገር አያቋርጡም፤ የተባሉትን ሁሉ ትንሽ ጥቁር ማስታወሻ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። አዳራሹን ዞሩ፣ ክሩን ዳሰሱ፣ ቀዩን ጥለት በምራቃቸው አርሰው በነጭ ወረቀት አሹት። ወረቀቱ ቀላ። ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔ ከታይፕራይተሩ ጀርባ ሆኜ የማየው ሁሉ አንድ ነገር ይለኝ ነበር፤ ይህች ሴት እኔ የምፈልገውን ታውቃለች።

ሰኞ ጠዋት ጓድ በሪሁን ከቀበሌ በላይ ወዳለው ጽሕፈት ቤት፣ ወደ ከፍተኛው፣ ለስብሰባ ተጠርቶ ሄደ። እሱ እንደወጣ ወይዘሮ ክራውዘ ወደ እሱ ቢሮ ጠሩኝ። ጠረጴዛው ላይ የኔ ካርቦን ወረቀቶች ተዘርግተዋል። ሬናተ መሳቢያዬ ተከፍቶ ያየች ቀን ጠይቃኝ ሦስቱን ሰጥቻት ነበር፤ ለካ እሷ ለመምህርቷ አሳይታለች።

«እነዚህን የሣልሽው አንቺ ነሽ?» አሉኝ በእንግሊዝኛ።

«አዎ፣ እንዲያው ለጨዋታ ነው።»

«ለጨዋታ አይመስልም። እኔ አንድ ቦታ አለኝ፣ ለአንድ ዓመት፣ ቀለም ነከራ ለመማር። ዓርብ ስሙን የያዘ ደብዳቤ መላክ አለብኝ። መሄድ ትፈልጊያለሽ?»

ያ አላህ፣ ሦስት ወር ሙሉ የጠበቅኩት ጥያቄ ነው። ለመልሱ ሌሊት ሌሊት ተለማምጃለሁ። አፌን ከፈትኩና እንዲህ አልኩ።

«ኧረ እኔ ምን ችሎታ አለኝና! ከእኔ የሚሻል አይጠፋም።»

አያችሁ፣ ይህ እምቢታ አይደለም። አገሬ የሆነ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ይህ ማለት «ቢሆንልኝ ደስታዬን አልችለውም፣ ግን ስግብግብ እንዳልመስልዎ እባክዎ ደግመው ይጠይቁኝ» ማለት ነው። ጓድ በሪሁን ቢኖር ኖሮ «ተይ እንጂ አንቺ ልጅ!» ብሎ ይቆጣኝ ነበር፤ በሦስት ደቂቃ ውስጥ ነገሩ አልቆ ነበር። አንገቴን ደፍቼ ሁለተኛውን ጠበቅኩ።

ወይዘሮ ክራውዘ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይገባኛል» አሉ። «ስለ ግልጽነትሽ አመሰግናለሁ።» ደብተራቸውን ከፍተው አንድ መስመር ጻፉ፣ ዘጉት። ካርቦኖቼንም ሰብስበው በክብር መለሱልኝ።

ግልጽነት! እኔ በዚያች ደቂቃ ሁሉ ነገር ነበረኝ፣ ግልጽነት ብቻ ሲቀር።

ማክሰኞ ጓድ በሪሁን ጠራኝ፤ ተቆጥቷል። «እምቢ አልሽ አሉኝ። አብደሻል? ከፍተኛው ውስጥ የሚሠራ የአንድ ሰው ወንድም ስም አቀብለውኛል፤ ልጁ ክር ነክቶ አያውቅም። አንቺ እምቢ ካልሽ እሱ መሄዱ ነው።»

«እምቢ አላልኩም ጓድ።»

«ታዲያ ምን አልሽ?»

ነገርኩት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማኝ። «እኔ ልንገራት ብል ‹ሊቀ መንበሩ የራሱን ሰው አስገባ› ብለው ስብሰባ ላይ ያወጡኛል። ራስሽ ሄደሽ ንገሪያት። አንድ ቃል ናት። አዎ በያት።»

ሄድኩ። ወይዘሮ ክራውዘ መስኮቱ አጠገብ ቆመው ሲጽፉ አገኘኋቸው። ቀና ብለው አዩኝ። አንድ ቃል ናት። ከአንዴ እምቢ ካልኩ በኋላ ማንም ሳይለምነኝ ተመልሼ «አዎ» ልበል?

«ምነው ጠሂራ?» አሉኝ።

«ሻይ ላምጣልዎት ወይ?» አልኩ።

አመጣሁላቸው። ረቡዕም አመጣሁላቸው። ረቡዕ ሁለት ጊዜ አመጣሁላቸው።

እናቴ ነገሩን ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይህን ነው። «ስንት ጊዜ ጠየቀችሽ?»

«አንዴ።»

«አንዴ? አንዴ ጠይቃ ተወችሽ? ምን ዓይነት አስተዳደግ ነው እናንተዬ!»

አባቴ ሽማግሌ እንላክ አለ። የምሩን ነው፤ ሁለት የሸማ ተራ ሽማግሌዎችን ሳይቀር በስም ጠራ። «ልጃችን ተሳስታ ነውና እንደገና ጠይቁልን ብለው ይቁሙላት» አለ። እኔ ፊቴን ትራሴ ውስጥ ቀብሬ አለቀስኩ። የተናደድኩት በወይዘሮ ክራውዘ አልነበረም፤ በራሴ ነበር። ክር ነክቶ የማያውቅ ልጅ በኔ ቦታ ይሄዳል፤ እኔ ለዘለዓለም የሌላ ሰው ደብዳቤ ስመታ እኖራለሁ፣ ሁሉም በአንዲት ይሉኝታ። እናቴ ጸጉሬን ደባበሰችኝ። «አብሽሪ፣ ገና ዓርብ አልሆነም» አለች። «ነገ ምሳ ጥሪያቸው። የሚሆነው ይሆናል። ካልሆነም ሳይበሉ አይሄዱም።»

ሐሙስ መጡ፤ ወይዘሮ ክራውዘ፣ ሬናተና ዩርገን። እናቴ ሌላ ጊዜ ለዒድ የምታወጣውን ሰሐን አውጥታለች። አባቴ ሱቁን ዘግቶ መጥቷል፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወጡ ቀረበ፣ እጅ ተታጠበ።

«ይብሉ እንጂ» አለች እናቴ ለወይዘሮ ክራውዘ። ተረጎምኩ።

«አመሰግናለሁ፣ ሆቴል ቁርስ በልቻለሁ» አሉ እሳቸው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው።

«ኧረ ይብሉ! ቁርስና ምሳ ምን አገናኘው?»

«በእውነቱ ብዙ አልችልም።»

ይኼን ጊዜ ዩርገን ሳቀ። «ሳያውቁት ልክ ናቸው!» አለና ወረቀቱን ከደረት ኪሱ አወጣት። በሦስት ወር ውስጥ ያቺ ወረቀት ማጠፊያዋ ተበጥሷል፣ የበርበሬ ቀለም ይዛለች፣ ዘይት ጠጥታለች። መነጽሩን አስተካክሎ ለመምህርቱ በእንግሊዝኛ ያነብላቸው ጀመር። «መጀመሪያ እምቢ በሉ። ሁለተኛም እምቢ በሉ፣ ለስለስ አድርጋችሁ። በሦስተኛው ብሉ። የኛ ሰው እምቢ ሲላችሁም አምናችሁ ዝም አትበሉ። ሦስት ጊዜ…»

አቆመ። መስመሩን በጣቱ ይዞ ድጋሚ በልቡ አነበበው። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። እኔ ሰሐኑ ላይ አፈጠጥኩ።

«ወይዘሮ ክራውዘ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ጠሂራን ስንት ጊዜ ነው የጠየቋት?»

«ምኑን?»

«ቦታውን።»

«አንዴ ነዋ» አሉ እሳቸው። «አልፈልግም አለችኝ። እምቢ ያለን ሰው ደግሞ መጠየቅ በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ ቃሉን አለማመን ነው። ሰው ትልቅ ነው፤ የሚፈልገውን ያውቃል።»

ለካ አክብረውኝ ነው የተዉኝ። እኔ ስለ እኛ ሁለት ገጽ ሙሉ ስጽፍ ስለ እነሱ አንዲት መስመር አልጠየቅኩም ነበር። እሳቸው በሥርዓታቸው ጨዋ ነበሩ፣ እኔም በሥርዓቴ ጨዋ ነበርኩ፤ በሁለት ጨዋ መሀል እድሌ ልትቀር ነበር።

ዩርገን ወረቀቷን ዘረጋላቸው። ወይዘሮ ክራውዘ መነጽራቸውን አውጥተው አነበቡ። መጨረሻውን ሲደርሱ የግርጌውን ስም አዩ፤ «ያዘጋጀችው፦ ጠሂራ ጠይብ» ይላል። ሰሐኑን ገፋ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ። እናቴ እንግሊዝኛ አንድ ቃል አታውቅም፤ ግን ስሜ ሲጠራ ሰምታለች፣ የዩርገንንም ጣት መስመሩ ላይ አይታለች። ጭልፋዋን እንደያዘች ቀረች።

«ጠሂራ» አሉ፣ «ለአንድ ዓመት መጥተሽ ቀለም ነከራ መማር ትፈልጊያለሽ?»

ሁለተኛው መጣ! ከፊቴ ቆሟል! አፌን ከፈትኩ።

«ኧረ… ላስቸግርዎ አልፈልግም…»

አላህ ያውቃል፣ ሆን ብዬ አልነበረም። አፌ የሚሄድበትን መንገድ ከልጅነቱ ያውቀዋል። ግን እንደ መጀመሪያው ደረቅ አልነበረም፤ ሁለተኛው ለስለስ ማለት አለበት፣ እኔው ነኝ የጻፍኩት፤ ለስለስ አለ። የወይዘሮ ክራውዘ ፊት ጠቆረ፤ እጃቸው ወደ ሰሐኑ ሊመለስ ሆነ። አባቴ «ያ አላህ» ብሎ ጋቢውን ተከናነበ።

ዩርገን አንድ ጣቱን አነሣ። «አንድ ይቀራል» አለ።

ሬናተ፣ ሦስት ወር ሙሉ ከጋሼ ጣሰው ጋር ካልሆነ በስተቀር አፏን ያልከፈተችው፣ ወደ መምህርቷ ጆሮ ጎንበስ አለችና አንድ ቃል ሹክ አለቻቸው። ወይዘሮ ክራውዘ ቃሉን በከንፈራቸው ሞከሩት። ከዚያ እጄን ያዙኝ።

«ጠሂራ፣ ነይ» አሉ። ቀጥለውም በአማርኛ፣ እንደ ድንጋይ በከበደ አንደበት፣ «በ-ሞ-ቴ።»

የእናቴ ጭልፋ ወደቀ።

«እሺ» አልኩ። «እሺ፣ እሺ፣ እሄዳለሁ፣ ከመጀመሪያውም ፈልጌ ነበር፣ ሞቼ ነበር እኮ!» እያልኩ ማልቀስ ጀመርኩ። ሻዩን ሁሉ ለምን እንዳመጣሁ ነገርኳቸው፤ ያን ጊዜ እሳቸውም ሳቁ፣ ዓይናቸውም እንባ አቀረረ። ጥቁሯን ደብተር አወጡና የሰኞዋን መስመር ሁለት ጊዜ ሠረዟት። አባቴ ከጋቢው ውስጥ ወጥቶ «ሽማግሌዎቹን እንግዲህ ለምርቃት ልጥራቸው» አለ። እናቴ ግን ሥራዋ አላለቀም። ጭልፋዋን አጥባ ተመልሳ ወይዘሮ ክራውዘ ፊት ቆመች።

«ንገሪያቸው ጠሂራ። የሳቸው ሦስተኛ ደረሰ፤ አሁን የኔ ሦስተኛ ነው። በሞቴ ይብሉ።»

በሉ። እንደዚያ ቀን የበላ ፈረንጅ አላየሁም።

ደብዳቤው ዓርብ ሄደ። ጓድ በሪሁን ለከፍተኛው «መምህርቷ ራሷ መረጠች፣ እኔ ምን ላድርግ» ብሎ ትከሻውን ነቅንቆ ተገላገለ። የቀበሌ ወረቀት፣ የፖሊስ ወረቀት፣ የሐኪም ወረቀት ስሰበስብ አራት ወር ፈጀብኝ። ልሄድ ሦስት ቀን ሲቀረኝ እናቴ ወረቀትና እስክሪብቶ አቀረበችልኝ።

«ጻፊ» አለችኝ። «ላንቺም መግለጫ ያስፈልግሻል።»

«ስንት ገጽ?»

«አንድ መስመር ይበቃል። ‹አንዴ ነው የሚጠይቁሽ፤ እሺ በይ።› በቃ። ፈርሚበትና ደረትሽ ውስጥ ክተቺው፣ እንደ ዩርገን።»

ጻፍኩና ከተትኩት። አውሮፕላን ውስጥ ሁለት ጊዜ አውጥቼ አነበብኩት። በዚያ አገር የገባሁበት ማደሪያ ኃላፊዋ ወፍራም፣ ፊቷ ደግ የሆነ ሴትዮ ናት። በመጀመሪያው ምሽት ትኩስ ሾርባ በትልቅ ሰሐን ይዛ መጣች፣ ሽታው ከበሩ ቀድሞ ገባ። ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም።

«ትበያለሽ?» አለችኝ በምልክት።

«ኧረ ጠግቤያለሁ» አልኩ እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ። እጄም ሥር የእናቴ ወረቀት ነበረች።

ሴትየዋ ራሷን ነቀነቀች፣ ፈገግ አለችልኝ፣ ሾርባውን ይዛ ሄደች። ጾሜን አደርኩ። በማግሥቱ ጠዋት ዳቦ ይዛ በሩን ስትከፍት ግን ጥያቄዋን እስክትጨርስ አልጠበቅኳትም።